ሳይነሳ የሚቀዘቅዝ ድስት

አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም «ጠብታ» ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ፣ ሁሉም እየተጫወተ ሳለ፣ እሱ አንገቱን ቀና ያደርግና «የሆነ ቦታ ይንጠባጠባል» ይላል። ብሎም አይተወውም። ተነስቶ የሰው መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ ከኪሱ የማትጠፋዋን ትንሽ መፍቻ አውጥቶ ይጠግናል፣ እጁን በመሀረቡ እያደረቀ ተመልሶ ይቀመጣል። እናቴ በዚህ ጠባዩ ስንት ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት እንደተመኘች እሷ ትቁጠረው። እኔ ግን እወደዋለሁ። ይህን ከአሁኑ ብናገረው ይሻላል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ስጮህበት ትሰሙኛላችሁ።

እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ በተሳፋሪው ወንበር በኩል ያለው ሁለተኛው ፍሬን ላይ እግሬን ጭኜ ስለምውል ትዕግሥቴ አጭር፣ ድምፄ ረጅም ነው። እንጀራዬ የሰው እጅና እግር ማየት ነው። ተማሪ በአፉ «ኧረ አልፈራሁም» ሲለኝ አፉን አላምነውም፤ መሪው ላይ ያሉትን ጣቶቹን ነው የማየው።

የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ጥግ፣ የኮሪደሩን መግቢያ እያየ ተቀምጧል። አባቴ ጡረታ በወጣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቤቱ ውስጥ የሚጠገን ነገር አለቀ። በአራተኛው ሳምንት ያልተበላሸውን መፍታት ጀመረ። የኩሽናውን ቧንቧ ፈትቶ ገጠመ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ፈትቶ ገጠመ፣ የበሩን ማጠፊያ ፈታ።

«ቀጥሎ እኔን ልትፈታኝ ነው» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሳ።

የደረሱልን ጋሼ ቦይለር ናቸው። ጋሼ ቦይለር የሆስፒታሉን የእንፋሎት ማሞቂያ ሲጠብቁ ያረጁ፣ ከአባቴ ጋር በአንድ ምድር ቤት ለሠላሳ ዓመት ሻይ የጠጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሃያ ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስት ተሸክመው ደረጃውን እያለከለኩ ወጡና፣ «ጠብታ፣ ቢራ እንሥራ። ካልሆነልንም ሾርባ ይሠራበታል» አሉ። አባቴ ድስቱን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው ሥራ አገኘ፣ እኛም ሰላም አገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተፈጨ ብቅል ሞቅ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ይጠለላል፤ የወጣው ጣፋጭ ጭማቂ ሆፕ የሚባል መራራ አበባ ተጨምሮበት አንድ ሰዓት ይንተከተካል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ እርሾ ይገባበትና ባልዲ ውስጥ ተከድኖ ይብላላል። ሲወራ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው «ከዚያ ይቀዘቅዛል» የምትለዋ ላይ ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ትኩስ ላይ ከተጨመረ ይሞታል። በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ ብሎ ለቀቅ ያደረጉት እንደሆነ ደግሞ ለብ ባለበት በእነዚያ ረጃጅም ሰዓታት አየር ላይ ያለው ተሕዋስ ሁሉ ይሰፍርበትና ይጎመዝዛል። ስለዚህ ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት፣ ንጹሕ እንደሆነ መቀዝቀዝ አለበት፣ ደግሞም ሰው ሳያቃጥል መቀዝቀዝ አለበት።

የመጀመሪያው ጊዜ ጋሼ ቦይለር ትኩሱን እንዳለ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ገለበጡት። ገልብጠው ዞር እንዳሉ መስታወቱ ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ደግነቱ እሳቸውም አባቴም ከጠረጴዛው ራቅ ብለው ነበር። የኩሽናው ወለል ለአንድ ሳምንት ነጠላ ጫማችንን ከእግራችን እየነጠቀ ሲያስቀረው ሰነበተ። ሁለተኛው ጊዜ ከፍሪዘር በረዶ አውጥተው ጭማቂው ውስጥ ጨመሩ። ቀዘቀዘ፣ አዎ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲቀመስ ግን የአባቴ ፊት ተጨማደደ።

«ይኼ በረዶ የት ነበር ያደረው?» ሲል ጠየቀ።

«ፍሪዘራችሁ ውስጥ ነዋ» አሉ ጋሼ ቦይለር።

«ከዓሣው ጎን።»

«እና ዓሣው ምን አደረገን?»

ባልዲ ሙሉ ቢራ ሽንት ቤት ተደፋ። አባቴ ከዚያ በኋላ የራሱን ሥርዓት አወጣ። የመታጠቢያ ቤቱን ገንዳ በቀዝቃዛ ውሃ እስከ ግማሹ ይሞላል፣ ውሃቸው ወደ በረዶ የተለወጠ ስድስት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይጥልበታል፣ ከዚያ ድስቱን እንደተከደነ ከምድጃው አንስቶ ገንዳው ውስጥ ያስቀምጠዋል። በረዶው ከውጭ ይቆያል፣ ጭማቂው ከውስጥ፤ አይነካኩም። ውሃው ሲሞቅ ይለውጠዋል። ከፈላ በኋላ ጭማቂውን የሚነካ ሁሉ፣ ማንኪያም ይሁን ቴርሞሜትር፣ ታጥቦ ማጽጃ ውስጥ የተነከረ መሆን አለበት። አርባ ደቂቃ ሲሆን ለእርሾ ይደርሳል። ቢራውም፣ እውነት ለመናገር፣ ጣፈጠ።

ከምድጃው እስከ ገንዳው አሥራ አንድ እርምጃ ነው። አባቴ አሥራ አምስት ሊትር የፈላ ነገር ይዞ «ትኩስ! ትኩስ!» እያለ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ እናቴ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ የሌለ ፍሬን እረግጣለሁ።

የእጁን ነገር መጀመሪያ ያየሁት መኪናዬ ውስጥ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። የተማሪዎቼን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ መኪናው ሲነሳ ይጀምራል፣ ሲቆም ይተዋል። የአባቴ እጅ ግን የሚንቀጠቀጠው ሲያርፍ ነው። የሆነ ነገር ሲጨብጥ ጸጥ ይላል፣ ትንሽ ይታገሥና መልሶ ይጀምራል። መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩ።

«አባዬ፣ እጅህ ምን ሆኗል?»

«ምን ሆነ?» አለና ኪሱ ከተተው።

«ይንቀጠቀጣላ!»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት መፍቻ የያዘ እጅ ነው። ድካሙን እያወጣ ነው።»

«ሐኪም ይየው።»

«የቱ ሐኪም?» አለ፤ ወዲያው ፊቱን አጠቆረ። «እዚያ ሆስፒታል እያንዳንዱ ኮሪደር ያውቀኛል። ጠብታ መጣ ሲባል ቧንቧ ሊጠግን ነው የሚባለው። አሁን ካርድ ይዤ ወንበር ላይ ልቀመጥላቸው? ሞቼ እገኛለሁ።»

«ሌላ ሆስፒታል እንሂድ እሺ።»

«ሌላ ጋ ሄደ ከተባለማ የባሰ ነው። ናቀን ይላሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእናትሽ ብትነግሪያት ዓይንሽን አላይም» አለኝ።

ስድስት ወር ሙሉ ነዘነዝኩት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። እሱ ግግም አለ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የእጁ ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ቶሎ ከታየ ግን የሚደረግለት ነገር ሊኖር ይችላል፣ እያደር ከባሰ ደግሞ የማይመለስ ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር። በዚህ ላይ በየወሩ እነዚያ አሥራ አንድ እርምጃዎች አሉ። ለእናቴ ልናገር እላለሁ፣ «ዓይንሽን አላይም» ያለኝ ትዝ ሲለኝ እተወዋለሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የፈራሁት ደረሰ። ድስቱን አነሳ፣ «ትኩስ!» አለ፣ ተነሳ። ስድስተኛው እርምጃ ላይ ክዳኑ ቅው ቅው ቅው ማለት ጀመረ። መንዳት የሚማር ሰው ሲደነግጥ ፍሬኑን ትቶ ነዳጅ ይረግጣል፤ አባቴም ያደረገው ይህንኑ ነው። እጁ ሳይከዳው ለመድረስ ፈጠነ። ጭማቂው ከድስቱ ዳር ዳር ተማታ፣ ክዳኑን ገፍቶ ወጣና ቀኝ እግሩ ላይ ፈሰሰ። ድስቱን ግን አልጣለውም። የቀሩትን እርምጃዎች ጨርሶ፣ ገንዳው ውስጥ አስቀምጦ፣ ከዚያ ነው የጮኸው።

እናቴ ከእኔ ቀድማ ደረሰች። ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጣው፣ ነጠላ ጫማውን አውልቃ፣ እግሩን ከሚፈሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዘችው። ሃያ ደቂቃ በሰዓት ቆጥራ ያዘችው። ቆዳው ውሃ ቋጠረ እንጂ የከፋ አልነበረም። በንጹሕ ፋሻ ሸፈነችለት፣ ወለሉን ወለወለች፣ እጇን አደረቀች። እናቴ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ የፈላ ድስት ከምድጃ ላይ አይነሳም። አበቃ።»

«አዳልጦኝ እኮ ነው...»

«አበቃ አልኩህ።»

ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርኩ። ምክንያቱም አባቴ ከዚያን ቀን በኋላ ሰው መሆኑን ተወው። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ይተኛል። ጋሼ ቦይለር ሲደውሉ «አሞኛል በይልኝ» ይላል። በሦስተኛው ሳምንት የኩሽናችን ቧንቧ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እሱ ሳሎን ተቀምጦ ይሰማዋል፤ እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ግን አልተነሳም። ያን ቀን ነው አባቴን ላጣው ነው ብዬ በእውነት የፈራሁት።

በአራተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ ድንገት ቀና አለ።

«እናትሽ ድስቱ አይነሳም ነው ያለችው» አለኝ በሹክሹክታ። «ውሃው አይመጣም አላለችም።»

«ምን?»

«ድስቱ ወደ ውሃው ከሚሄድ ውሃው ወደ ድስቱ ይምጣ!»

ያሰበው የመዳብ ቱቦ ጠምዝዞ ድስቱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በአንዱ ጫፉ ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፣ በቱቦው ውስጥ እየዞረ የጭማቂውን ሙቀት ይወስዳል፣ በሌላው ጫፍ ሞቆ ወደ ማጠቢያው ይወጣል። ውሃውና ጭማቂው በመዳቡ ግድግዳ ተለያይተው ይኖራሉ። ድስቱ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። ጋሼ ቦይለር ስምንት ሜትር ለስላሳ ቱቦ ይዘው ለመምጣት አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። አባቴ ተቀብሎ መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ዘጋ።

ሦስት ቀን እየገባ ዘጋ። ከውስጥ የብረት ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የታፈነ ስድብ ይሰማል። በሦስተኛው ቀን እኔ ከሥራ የገባሁት ጨሼ ነው፤ ተማሪዬ የቆመ የቆሻሻ ገንዳ ገጭቶ «ማን እዚህ አቆመው?» ብሎኝ ነበር። እጄን ልታጠብ ብዬ በሩን ገፋሁት፤ አልቆለፈውም ኖሯል።

አባቴ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ቱቦው እግሩ ሥር ተጋድሟል፤ ሦስት ቦታ ላይ ወገቡ ታጥፎ ተዘግቷል። መዳብ እንዲህ አንዴ ከታጠፈ አይቃናም። ለዚህ ነው ባለሙያ ቱቦ ከመጠምዘዙ በፊት ደረቅ ጨው ወይም አሸዋ ሞልቶ ጫፎቹን የሚዘጋው። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው። ባዶ ቱቦ ጠምዝዞ ያበላሸ ባልደረባውን አንድ ወር ሙሉ አላናገረውም ነበር።

«ቱቦው የማይረባ ነው» አለኝ።

በሕይወቱ በዕቃ ሲያመካኝ ሰምቼው አላውቅም።

«ጨው አልሞላህበትም?»

በአገጩ ወለሉን አሳየኝ። ጨው ንጣፉ ላይ ተበትኗል፣ ምንጣፉ ላይ፣ ጫማው ላይ። ቱቦው ውስጥ ብቻ የለም። የትንሽ ጣት ስፋት ባላት ቀዳዳ ጨው ማስገባት የማይንቀጠቀጥ እጅ ይፈልጋል። እናቴን አግዥኝ እንዳይል ለምን ብላ ትጠይቀዋለች፤ እኔንም አልጠራኝም። ስለዚህ አባቴ፣ ጠብታ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራ ሰው፣ ባዶውን ጠመዘዘው። አንጀቴን በላው። እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲበላ የማውቀው አንድ ነገር መጮህ ነው።

«ቱቦው አይደለም አባዬ! እጅህ ነው! እጅህ ነው!»

ሳሎን ውስጥ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

የተናገርኩትን መልሼ ብውጠው በወደድኩ። አባቴ አላየኝም። ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ወለሉን ያያል። እናቴ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ቱቦውን አየች፣ ጨውን አየች፣ እሱን አየች፤ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ አንድ ኪሎ ጨውና የስፌት መኪናዋን ዘይት የምትጨምርባትን ቀጭን ማንቆርቆሪያ፣ አጥባ አድርቃ፣ ይዛ መጣች።

«አንቺ ጫፉን ቀና አድርገሽ ያዢ» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «አንተ ንገረኝ።»

«ምን ልንገርሽ?»

«እንዴት እንደሚጠመዘዝ ነዋ። እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ?»

«ሰማሽ?» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«እጄን።»

«ጆሮዬ ዛሬ ነው የሰማው» አለች እናቴ። «ዓይኔ ካየ ግን ዓመት አልፎታል።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። እናቴ ጠጋ ብላ የሸሚዙን ሁለተኛ ቁልፍ በጣቷ ነካችው።

«ይቺን ጠዋት ማን ቆለፋት?»

«እኔ ነኛ።»

«በስንት ጊዜ?»

«ወዲያው።»

«ባለፈው ክረምት ግን መስታወት ፊት ሩብ ሰዓት ትቆም ነበር። አይቼሃለሁ። ከዚያ አሥራ አንዱንም ሸሚዞችህን እያወጣሁ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን አሰፋኋቸው። ጥቂት ጥቂት፣ እንዳታውቅብኝ። ክሩንም ከድሮው ጋር አመሳስዬዋለሁ።»

አባቴ ደረቱን ቁልቁል አየ። በማጠብ ብዛት የሰፉ ይመስለው ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን «ይሄ ሸሚዝ እያረጀ ሲሄድ እየተመቸኝ መጣ» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እኔ እንባዬ መጣ፣ ቱቦውን በሁለት እጄ ስለያዝኩ መጥረግ አልቻልኩም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም? ድስቱንም የከለከልኩህ ተናድጄ አይደለም። አንተ አልችልም ከምትል እኔ አልፈቅድም ብል ይሻላል ብዬ ነው። ክፉዋ እኔ ልሁን አልኩ። አሁን ንገረኝ፣ ጨው ስንት ይገባል?»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከዚያ በመሀረቡ ተናፍጦ፣ «መጀመሪያ የተበላሸው ይቆረጥ» አለ።

ከታጠፉት ቦታዎች መሀል የተረፈው ረጅሙ ቁራጭ አምስት ሜትር ከምናምን ሆነ። እናቴ በማንቆርቆሪያዋ ጨው አፈሰሰች፤ አባቴ ቱቦውን በመፍቻ እጀታ ቀስ እያደረገ መታ መታ አደረገው፣ ጨው ጠቅጠቅ እንዲል። ለዚህ ሥራ እጁ አልሰነፈም። ጫፎቹን ዘጋንና በትንሹ ድስት ዙሪያ መጠምዘዝ ተጀመረ። እሱ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አለቃ ሆነ።

«ቀስ! ቀስ በይ! ጨርቅ አይደለም እኮ!»

«ጨርቅ ቢሆንማ እስካሁን ሰፍቼ አልብሼህ ነበር።»

«በአውራ ጣትሽ ግፊው። አትጎትቺው። እንደሱ! ኧረ ጎበዝ! አንቺ ሴትዮ የት ነበርሽ እስከዛሬ?»

«ሳሎን» አለች እናቴ።

ሰባት ዙር ወጣው። ጨውን በውሃ አጥበን አስወጣን፣ ውጩን በሆምጣጤ ፈትገን አጠብነው፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ የውሃ ጎማ ገጥመን በብረት ቀለበት አጠበቅናቸው። መገጣጠሚያዎቹ ከድስቱ ጠርዝ ውጭ እንዲሆኑ አባቴ አጥብቆ አዘዘ፤ ቢያፈሱ እንኳ ወለል ላይ እንጂ ጭማቂው ውስጥ አይገባም። ከዚያ ውሃ ለቀቀበትና ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፎ አንድ ሰዓት ተወው። አባቴ በመገጣጠሚያ ላይ ዓይኑን አያምንም፤ ጋዜጣ ነው የሚያምነው። አንዲት ፊደል እንኳ አልረጠበችም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ቦይለር መጡ። ስለ እጁ አያውቁም፣ አባቴም አልነገራቸውም፤ ከዚህ ቤት ውጭ አንድም ሰው እንዲያውቅ አይፈልግም ነበር። ሐኪም ቤት የሚለው ቃል በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ከአፌ ወጥቶ ሁለቴም ፊቱን አዙሮብኛል። እናቴ «ተይው፣ ራሱ ይምጣ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ማፍላቱ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው የተጠመዘዘው ቱቦ ጭማቂው ውስጥ ገባ፤ ፍላቱ ራሱ እንዲያጸዳው። አባቴ ውሃው የሚወጣበትን ጎማ ማጠቢያው ላይ በሽቦ አሰረው፣ ሲሞቅ እንዳይዘል።

«መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቆዳ ይልጣል» አለ። «ማንም እጁን እዚያ እንዳያደርስ።»

ጋሼ ቦይለር ወንበራቸውን ወደ በሩ አሸሹ።

እሳቱ ጠፋ። እናቴ ቧንቧውን ቀስ ብላ ከፈተች። ጎማው ተንፈቀፈቀ፣ ከጫፉ እንፋሎት ወጣ፣ ከዚያ የሚያጨስ ውሃ መፍሰስ ጀመረ። ቴርሞሜትሩን የማነበው እኔ ነኝ። ዘጠና። ሰባ አምስት። ስድሳ። ጋሼ ቦይለር አጨበጨቡ። ከዚያ እየዘገየ መጣ። ሃምሳ ላይ ቆየ። አርባ አምስት። አርባ አራት ላይ ተቸነከረ።

«ይኸው፣ ቆመ» አሉ ጋሼ ቦይለር። «የዓሣውን በረዶ ላምጣ?»

«አልቆመም» አለ አባቴ። «ቱቦው አጠገብ ያለው ቀዝቅዟል፣ ትኩሱ ራቅ ብሎ ተኝቷል። መነቃነቅ አለበት።»

እናቴ ማንኪያ ልታመጣ ስትል፣ ቱቦው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መሰለው መሰለኝ፣ አባቴ ወፍራሙን የድስት ጓንት አጥልቆ ቀኝ እጁን ከጠርዙ በላይ በወጣው የቱቦው ጎባጣ ላይ አሳረፈው። ማሳረፉ ነበር ስህተቱ። እጁ ትንሽ ታገሠ፣ ከዚያ ጀመረ።

የጋሼ ቦይለር ዓይን እጁ ላይ ወደቀ። አባቴ አየ። እኔ እንዳላይ ብዬ ቴርሞሜትሩ ላይ አፈጠጥኩና፣ የማደርገው ቢጠፋኝ፣ ማንበቤን ቀጠልኩ።

«አርባ ሁለት» አልኩ። «ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ... እንዴ?»

የጭማቂው ፊት ላይ ትናንሽ ቀለበቶች እየተነሱ ወደ ዳር ይሄዳሉ። ቱቦው ከላይ እስከ ታች ይርገበገባል። አባቴ ደንግጦ እጁን አነሳ። ቀለበቶቹ ጠፉ፣ ቁጥሩ ቆመ። ለትንሽ ጊዜ ድስቱን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ እጁን መልሶ፣ አሁን ሆን ብሎ፣ አሳረፈው።

«ሠላሳ ስድስት» አልኩ። «ሠላሳ ሦስት። አባዬ፣ ሠላሳ አንድ!»

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። የጀመረው እሱ ነው። ከሆዱ የመጣ ሳቅ፣ ትከሻውን የሚያናውጥ፣ ዓይኑን በእንባ የሞላ ሳቅ፤ ከዓመት በላይ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። በሳቀ ቁጥር ቱቦው ባሰበት፣ ቁጥሩም ወረደ። እናቴ ማድረቂያ ጨርቋን አፏ ላይ ይዛ ተንፈቀፈቀች።

«ዓመት ሙሉ ሥራ ፈት ያልነው እጅ!» አለች።

«ሃያ ሁለት» አልኩ። «ደርሷል።»

አባቴ እጁን አላነሳም። ወደ ጋሼ ቦይለር ዞሮ፣ «አዎ፣ ይንቀጠቀጣል» አላቸው። «ዓመት አልፎታል።»

ጋሼ ቦይለር ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

«ሰኞ ጠዋት ተማሪ አለሽ?» አለኝ አባቴ።

«ቢኖርም የለኝም» አልኩ።

«እንግዲያው ሆስፒታል ታደርሺኛለሽ። በጓሮ በር እንዳትወስጂኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከዕቃና ከቆሻሻ ጋር በጓሮ በር ገብቻለሁ፤ ሰኞ በዋናው በር ነው የምገባው። ካርዴን ይዤ እቀመጣለሁ።»

እናቴ ቧንቧውን ለመዝጋት ዞረች፤ ለአንድ ቧንቧ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። ድስቱ አሁን ቀዝቃዛ ስለሆነ እኔና እሷ ግራና ቀኝ ይዘን ጭማቂውን ወደ ባልዲው ገለበጥነው። ልትረዳው የእርሾውን ከረጢት ስታነሳ አባቴ ከእጇ ወሰደው፣ በጥርሱ ቀደደው፣ ባልዲው ላይ አዘነበለው። አብዛኛው ገባ። ጥቂቱ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

«እጄ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።